ከምድጃው በኋላ፦ የሕፃናት ቃጠሎ ተሐድሶና የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና ምድር በብዙ የገጠር ቤት ምድጃው ከወለሉ ላይ ነው። ጀበናውም ገንፎውም የሚፈላው ሕፃኑ በሚድህበት ስፍራ ነው። ከቃጠሎ የተረፈን ሕፃን የሚጠብቀው ሁለተኛ ጉዳት ግን ዝግ ብሎ ይመጣል፤ ቁስሉ ሲደርቅ ጠባሳው እየጠበበ አገጭን ወደ ደረት፣ ክንድን ወደ ጎን፣ ጣትን ወደ መዳፍ ይስባል። ከመዳፍ ጋር የተጣበቀ ጣት ደግሞ እርሳስ አይዝም፣ ቡናም አይለቅምም።

የቀድሞው ሕክምና ሳያስበው ይህን ያግዝ ነበር። የተቃጠለ ሰው ጸጥ ብሎ እንዲተኛ ይደረግ ነበር፤ ሕፃኑም ሕመሙን ለመሸሽ እጅና እግሩን አጥፎ ይተኛል። ሕመም የሚያስታግሰው አተኛኘት ያው መኮማተርን የሚያመጣው አተኛኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የዩጎዝላቪያዋ ሐኪም ዞራ ያንዤኮቪች የሞተውን ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገፍፎ ወዲያው ቆዳ የመትከልን ዘዴ አሳተሙ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ በጋልቬስተን የሕፃናት ቃጠሎ ሆስፒታል የስፕሊንትና ጠባሳን የሚጫን ጥብቅ ልብስ አጠቃቀም ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዚያው ከተማ የወጣ ጥናት ሌላ እርምጃ ነበር፤ ከሰውነታቸው ከ40 በመቶ በላይ የተቃጠሉ ልጆች ከጉዳቱ 6 ወር በኋላ ለ12 ሳምንታት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሲሠሩ ጉልበታቸው በግልጽ ጨመረ።

በኢትዮጵያ የእጅ ተሐድሶ ሙያ ሥር ከያዘባቸው ስፍራዎች ዋነኛው የሥጋ ደዌ ሕክምና መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ፣ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ሥፍራ ተመሠረተ። ከዚያ ቀደም ዶክተር ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር ሥራቸው፣ የጅማት ቀዶ ሕክምና ያለ ተከታታይ ልምምድ ፍሬ እንደማይሰጥ አሳይተው ነበር። የደረቀን እጅ በጄሶ ስፕሊንት ቀስ በቀስ መዘርጋትና ጣትን በየዕለቱ ማለማመድ ለተቃጠለ እጅም ያው ጥበብ ነው። አለርት ኋላ የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናን ጨመረ፤ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍልም ከመላ አገሪቱ ሕሙማንን ሲቀበል ቆይቷል። ሁለቱም ግን ከሚዛን ተፈሪ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ በኋላ የማስተማሪያ ሆስፒታል ባለቤት መሆኑ ርቀቱን በከፊል አሳጥሮታል። ከዚህ ቀድሞ ግን በጤና ጣቢያም ቢሆን ሊሠራ የሚችል አለ፤ አንገቱ የተቃጠለን ሕፃን ያለ ትራስ ማስተኛት፣ ብብቱ የተቃጠለን ክንዱን ከጎኑ አርቆ መደገፍ፣ መዳፉ የተቃጠለን ጣቶቹን ዘርግቶ በጄሶ መያዝ። ልምምዱ ለሕፃን በጨዋታ መልክ ቢሰጥ ይሻላል፤ ኳስ መወርወር፣ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ቅጠል መቀንጠስ። እውነተኛዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እናቲቱ ናት፤ ስለዚህ ከመሰናበቷ በፊት በገዛ እጇ ሠርታ ማሳየት አለባት። የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ ቀጠሮ መቅረቱ አይቀርምና ቀኑን ከወዲሁ ከእሷ ጋር መምከር ይበጃል።

ጠባሳ እስኪበስል አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈጃል። ሕፃኑ ያድጋል፤ ጠባሳው ግን አብሮት እኩል አያድግም። በ3 ዓመቱ ክንዱ ተዘርግቶ፣ በካርዱ ላይ «ድኗል» ተብሎ የተሰናበተ ልጅ በ7 ዓመቱ ክርኑ ታጥፎ ሊመለስ ይችላል።