የነዳጅ ግፊትና የግፊት መጣኝ

የነዳጅ ግፊት የሚባለው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ከታንክ የተገፋ ቤንዚን ኖዝሎቹን በሚመግበው ቧንቧ ውስጥ የሚኖረው ግፊት ነው። ጋራዥ ውስጥ «ፊውል ፕሬዠር» ይሉታል፤ «ግፊት» ግን ከፊዚክስ መጽሐፍም ከ«ደም ግፊት»ም የታወቀ ስለሆነ የአማርኛው ስም ማንንም አያደናግርም። «ሬጉሌተር» የሚባለው ክፍል ደግሞ የግፊት መጣኝ ቢባል ሥራውን ይገልጻል፤ ግፊት የሚፈጥረው ፓምፑ ነው፣ መጣኙ ትርፉን ወደ ታንክ እየመለሰ ልኩን ይጠብቃል። የሚለካው በባር፣ በኪሎፓስካል ወይም በፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ወይም 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ይሆናል።

የመኪናው ኮምፒውተር የሚያዝዘው ኖዝሉ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ብቻ ነው። ግፊቱ ልክ ነው ብሎ ስለሚያሰላ፣ ግፊቱ ሲዛባ የነዳጁ መጠንም አብሮ ይዛባል። ፍሰቱ የሚጨምረው በግፊቱ ስኩዌር ሩት መጠን ነው፤ ከ3 ባር ወደ 3.6 ባር ከፍ ቢል የሚረጨው ቤንዚን ከ9 በመቶ በላይ ይጨምራል። በ1967 ቦሽ ለቮልስዋገን ያቀረበው ዲ-ጄትሮኒክ በ2 ባር ገደማ ይሠራ ነበር፣ መጣኙም በብሎን ይስተካከል ነበር። ዛሬ መንገዱን በሞሉት ቪትዝና ኮሮላ ከሚገኙት ሞተሮች አንዱ የሆነው 1ኤንዜድ ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል ይፈልጋል።

በራያዋ ዋጃ ከተማ የነዳጅ ግፊት ልኬት የራሱ መልክ አለው። ከቆቦ በዋጃ በኩል እስከ አላማጣ ያለው መንገድ የራያ ሜዳ ነው፤ የደከመ ፓምፕ እዚያ ላይ ምንም ሳያሳውቅ ሊያልፍ ይችላል። ከአላማጣ ወደ ግራት ካሕሱ ዳገቱ ሲጀመር ግን ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይጠይቃል፣ ፓምፑ አያደርስም፣ መኪናው ይንገጫገጫል። ስለዚህ ቆሞ የተለካ ግፊት ብቻውን አያስተማምንም፤ የግፊት መለኪያው ጌጅ በደንብ ታስሮ ከፊት መስታወቱ ውጭ እንዲታይ ተደርጎ ዳገት ላይ መነበብ አለበት። የቆላው ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ሞተር ከጠፋ በኋላ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ግፊቱን ካጣ ቶሎ ይተንናል፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ጠፍቶ አልነሳም የሚል መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ከመለካቱ በፊት ግፊቱ መውረድ አለበት። የፓምፑ ፊዩዝ ተነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሠራል፤ ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ቱቦው በጨርቅ ተሸፍኖ ይላላል፣ ጌጁም በፊልትሮውና በኖዝሎቹ ቧንቧ መካከል በሦስት አፍ ማያያዣ ይገባል። ሲጋራም ሆነ ብልጭታ አጠገቡ አይደርስም፤ እሳት ማጥፊያ ከእጅ አይርቅም። ፊዩዙና ባትሪው ሲመለሱ በመጀመሪያ የሚታየው ቤንዚን የሚያፈስ መጋጠሚያ አለመኖሩ ነው።

ንባቡ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሲሰጥና ሞተር ጠፍቶ ይወሰዳል። መላሽ ቱቦ ባላቸው የቆዩ መኪኖች መጣኙ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጋር በቀጭን ቱቦ ይያያዛል። ቱቦው ሲነቀል ግፊቱ ከፍ ማለት አለበት፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ልዩነቱ ግማሽ ባር ያህል ነው፣ ከዳገቱ በላይ፣ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ኮረም ግን አየሩ ስለሚሳሳ ያንሳል። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደህናውን መጣኝ ሊጥል ይችላል። ከቀጭኑ ቱቦ ቤንዚን ከወጣ ግን ጥርጥር የለውም፤ የመጣኙ ድያፍራም ተቀዷል። ሞተር ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቶዮታ ቢያንስ 147 ኪሎፓስካል እንዲቀር ይጠይቃል። ከዚያ ከወረደ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ የፓምፑ የማይመልስ ቫልቭ ወይም መጣኙ ይመረመራል።

ግፊቱ ሲያንስ፣ መላሽ ቱቦ ባላቸው መኪኖች መላሹ የጎማ ቱቦ ለአንድ አፍታ ይቆነጠጣል። ያኔ ግፊቱ ወዲያው ከዘለለ ፓምፑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የመጣኙ ነው። ካልዘለለ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ፓምፑ ደክሟል ወይም ኤሌክትሪኩ በደንብ አይደርሰውም። በየመንገዱ ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን አቧራና ውሃ ይዞ ሊገባ ስለሚችል ከፊልትሮው መጀመር ተገቢ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ መላሹ መስመር ይፈተሻል፤ ምልክቱ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ነው።

ማስተካከል ማለት እንግዲህ በአብዛኛው መኪና ብሎን ማዞር አይደለም፤ ፋብሪካው የሰጠው መጣኝ አይዞርም፣ በብዙ አዳዲሶቹም ታንክ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ተቀምጧል። የሚስተካከል መጣኝ ገዝቶ በመግጠም የደከመ ፓምፕን ወይም የተደፈነ ኖዝልን ለመሸፈን መሞከር ስህተት ነው፤ ነዳጅ ያባክናል፣ ካታላይዘሩንም ያቃጥላል። ትክክለኛው ሥራ ምክንያቱን አግኝቶ ግፊቱን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ለቤንዚን መኪና ብቻ ነው። የናፍጣ ኮመን ሬል ሞተር ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስና የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ ይህ ጌጅ በከፍተኛ ግፊት መስመሩ ላይ ፈጽሞ አይገጠምም።