የራስ ቅል ግፊት ያለ መብሻ

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ ሳይዘረጋ የሚላክ መልእክት በዘመኑ ምን ያህል ድንቅ እንደ ነበረ ያስታውሰናል። ዛሬ በዚህ ስም በሚጠራው ክፍለ ከተማ፣ በጎፋም ሆነ በለቡ ጎዳና፣ አንድ ሰው በመኪና ተገጭቶ ራሱን ሲመታ ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ የዚያው ዘመድ ነው፤ አጥንቱ ሳይበሳ በውስጡ ያለውን ግፊት ማወቅ ይቻላልን? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩን መሠረት የጣሉት ስኮትላንዳውያኑ ሞንሮ በ1783፣ ኬሊም በ1824 ናቸው። የራስ ቅል የማይለጠጥ ዕቃ ስለ ሆነ በውስጡ ያሉት አንጎል፣ ደምና ፈሳሽ በድምሩ አይለወጡም፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ቦታ ይለቃል። የሚለቀው ሲያልቅ ግን ግፊቱ በድንገት ይሻቅባል። ቦይለር የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ ቦይለር መለኪያው ተገጥሞለት መሠራቱ ብቻ ነው። በተጋደመ ጤነኛ ጎልማሳ ግፊቱ ከ7 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ከ22 ሲያልፍ ሕክምና ያሻዋል።

እናቶቻችን ግን ከሞንሮም አስቀድሞ መለኪያ ነበራቸው። የሕፃኑ እርግብግቢት ሲያብጥ ደግ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የሚያሳዝነው፣ ያ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ገደማ ይዘጋል።

በ1891 ክዊንከ የተባለው ጀርመናዊ በወገብ በኩል መርፌ አስገብቶ የፈሳሹን ግፊት ለካ። በ1960 ስዊድናዊው ሉንድበርግ ቀጭን ቱቦ እስከ አንጎል ጓዳ አድርሶ ግፊቱን ያለ ማቋረጥ የመዘገበበትን ጥናት አሳተመ። ሌላው መለኪያ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚመዘነው በዚህ ቱቦ ነው። ነገር ግን ቀዶ ሐኪምና ንጹሕ ዕቃ ይጠይቃል፤ ደም መፍሰስና መመረዝም ሊያስከትል ይችላል።

ሳይበሱ የመለካቱ ታሪክ የጀመረው ከዓይን ነው። ሄልምሆልትዝ በ1851 የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ አስተዋወቀ፤ በ1860 ፎን ግሬፈ የዓይን ነርቭ ራስ እብጠትን ከአንጎል ግፊት ጋር አያያዘ። እብጠቱ እስኪታይ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ፤ አሁን ለተገጨ ሰው አይደርስለትም።

በ1982 ኖርዌያዊው ሩነ ኦስሊድና ባልደረቦቹ በስዊስ በርን ከተማ 2 ሜጋኸርዝ የድምፅ ሞገድ በጆሮ ግንድ አካባቢ ባለው ስስ አጥንት አሳልፈው የደምን ፍጥነት ለኩ። (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠናውን በ2006 የጀመረው ከዚያችው ከኖርዌይ፣ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው።) እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ የሚለካው ፍጥነት እንጂ ግፊት አለመሆኑን ነው። ከፍጥነት ወደ ግፊት መሻገሪያው ቀመር ብዙ ግምት ተሸክሟል፤ አጥንታቸው ሞገዱን የማያሳልፍ ሰዎችም አሉ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው መንገድ ይመስለኛል፤ ይኸውም በተራ አልትራሳውንድ፣ ከዓይን ኳስ 3 ሚሊሜትር ወደ ኋላ፣ የዓይን ነርቭን ሽፋን ስፋት መለካት ነው። ከ5 ሚሊሜትር እጅግ ካለፈ ግፊቱ መጨመሩ ይጠረጠራል። ታዲያ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት ፍርዱን ይገለብጣል፤ ወሰኑም ከጥናት ጥናት ይለያያል። ስለዚህ ማን ቀድሞ ወደ ሲቲ ስካን ይሂድ ለማለት ይረዳል እንጂ ቱቦውን አይተካም።

ቱቦ በሌለበት ሁሉ ነገር ጠፋ ማለትም አይደለም። በ2012 ከቦሊቪያና ከኢኳዶር የወጣው ጥናት 324 ብርቱ የራስ ጉዳት የደረሰባቸውን ሕሙማን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ወደ አንጎል ውስጥ በሚገባ መለኪያ፣ ግማሾቹን በሐኪም ምርመራና በተደጋጋሚ ሲቲ ስካን አስታመመ፤ በሁለቱ ወገኖች ውጤት መካከልም ጉልህ ልዩነት አላገኘም።