የሽቅብና የቁልቁለት ታሪክ፤ ከጎንደር እስከ ሀዋታ በብስክሌተኛ ዓይን

በመኪና የሚኼድ ተሳፋሪ ዳገቱን የሚወጣለት ሞተሩ ነው። እግረኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ከአንድ ተራራ ግርጌ እስከ ሌላው ቢደርስ ነው። ብስክሌተኛ ግን በሁለቱ መካከል ያለ መንገደኛ ነው፤ በአንድ ቀን ከደጋ ቆላ ሊገባ ይችላል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዷን ዳገት በገዛ ጉልበቱ ይከፍልባታል። ስለዚህ መልክዓ ምድርንና የመንገድ ታሪክን አጣምሮ ማስተማር የሚፈልግ መምህር አንድ ብስክሌተኛ በሐሳቡ ቢከተል ብዙ ያተርፋል እንላለን። ለዚህም የሚሆነን ምሳሌ መጀመሪያ ከስፔን፣ ቀጥሎም ከራሳችን ምዕራብ በር ይገኛል።

ስፔን በብስክሌት ውድድር የታወቀች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ የማድሪድ ጋዜጣ ሽያጩን ከፍ ለማድረግ ሲል አገሪቱን የሚዞር ውድድር አዘጋጀ። ውድድሩ በ14 የጉዞ ቀናት ተከፍሎ ከ3,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ 50 ብስክሌተኞች ተነሥተው ያሸነፈው ጉስታፍ ዴሎር የተባለ የቤልጅግ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከማድሪድ ተነሥተው ተራራውን ከተሻገሩ በኋላ ወደ ቫያዶሊድ የወይን አገር ወረዱ። ሁለተኛው ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1936 ነው። የታሪክ መምህራን ይህን ቀን አይስቱትም፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ስፔንም ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከግማሽ ያኽል እንኳ አልቆየችም፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣባትና ውድድሩ እስከ 1941 ድረስ ተቋረጠ።

ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ውድድሩ ሳይሆን መንገዱ ነው። በሰሜን ስፔን ሪዮኻ የሚባለው የወይን አገር በኤብሮ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በሰሜኑ በኩል የካንታብርያ ተራራ እንደ አጥር ቆሞ ከውቅያኖስ የሚመጣውን ብርድና ዝናብ ይከላከልለታል። ዛሬ ብስክሌተኞች የሚጋልቡበት ያ አካባቢ ጥንት ወደ ሳንትያጎ የሚኼዱ ተሳላሚዎች በእግራቸው ያቋርጡት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የባቡር ሐዲድ አሮ ከምትባለው ከተማ ደረሰ። ቀጥሎም ፊሎክሴራ የተባለ ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ ሲያደርቀው የፈረንሳይ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ወደዚያ ጎረፉ፤ ታላላቆቹ የወይን ጠጅ ቤቶችም በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ተሠሩ። እንግዲህ የወይኑ ዝና ያለ ተሳላሚው መንገድና ያለ ባቡሩ ጣቢያ ሊነገር አይችልም ማለት ነው። ስፔኖች ይህንኑ ለልጆቻቸው ያስተምራሉ፤ ለጎብኚም ይሸጣሉ።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውኃና በኮኪት አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩን ሲሻገሩ ጋላባት ነው፤ ከዚያም ሜዳ ለሜዳ ወደ ገዳሪፍ ይዘልቃል፤ ከገዳሪፍም ሐዲዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ በራሀድ ወንዝ ዳር ወዳለችው ሀዋታ ያደርሳል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ከ800 ሜትር በታች ናት። በዚህም መሠረት ከጎንደር የሚነሣ ብስክሌተኛ እስከ አይከል ድረስ በደጋው ላይ ወጣ ገባ ሲል ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ጤፉና ገብሱ ቀርቶ ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ይተካል፤ የዕጣን ዛፍ ብቅ ይላል፤ ከቀኑ ሙቀትም ጋር የሚጠጣው ውኃ መጠን ይጨምራል።

የ190 ኪሎ ሜትር ጉዞ ለብስክሌት ይበዛል የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ተካፋይ በሆነችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን የተደረገው የጎዳና ብስክሌት ውድድር 187 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ እንደ ነበረ ንገሩት። ገረመው ደንቦባ የነበረበት የኢትዮጵያ ቡድን በዚያ ውድድር 9ኛ ወጥቷል። ሯጮቻችንን እንጂ ብስክሌተኞቻችንን የሚያነሣልን ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ይህ መንገድ ከስፔኑ የሚያንስ ታሪክ የለውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከስናር ተነሥቶ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚሁ አቅጣጫ ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ፣ በቆላው ወርዶ፣ ራሀድንና ዲንደርን ተሻግሮ ስናር ገባ። እነዚህ ስማቸው በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ እንጠራቸዋለን። መንገዱን መንገድ ያደረጉት ግን ስማቸው ያልተጻፈው ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ጭነው ይወርዳሉ፤ ጥጥና የውጭ አገር ሸቀጥ ይዘው ይወጣሉ። ባሮችም በዚሁ መንገድ ተነድተዋል፤ ይህን ለተማሪ መደበቅ ተገቢ አይመስለንም። ጭልጋ ላይ ቀረጥ ይከፈላል፤ ወህኒ ላይ ገበያ ይቆማል። ነጋዴ ባሕር የሚባለውን ቦታ ስሙ ራሱ ያስረዳል። ክረምት ሲገባ የቆላው ዋልካ አፈር የጭነት እንስሳውን እግር ይዞ አላስኬድ ስለሚል፣ ወባውም ስለሚነሣ፣ ሲራራው የሚንቀሳቀሰው በበጋ ነበር።

መተማ ራሷ የማን ነበረች? በ19ኛው መቶ ዓመት ገበያውን የያዙት ተክሩሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ መካ ለመሳለም ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር አቅጣጫ ተነሥተው በመንገድ ላይ የቀሩ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ግብራቸውን ለሁለቱም ወገን እየከፈሉ ይኖሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ የደጋው ነጋዴና የቆላው ነጋዴ ተገናኝቶ የሚገበያይበትን ገበያ አይቶ ጽፏል። የስፔኑን የተሳላሚ መንገድ ያደነቀ ሰው የእኛም መንገድ ተሳላሚ እንደ ነበረው ማወቅ ይገባዋል።

በተቋማችን የሚሠለጥኑትን እጩ መምህራን ‹‹ስለ መተማ ምን ታውቃላችሁ?›› ብለን ስንጠይቃቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ማረፋቸውን ነው። ይህ መታወቅ ያለበት ታላቅ ጉዳይ ነው። በዓመቱ በፊት፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የአቡ አንጃ ጦር በዚሁ መንገድ መጥቶ ጎንደርን እንዳቃጠለም መዘንጋት የለበትም። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ጋላባትን ከኢጣልያ እጅ ያስለቀቀው፣ መተማን ግን መያዝ ያቃተው እዚያው ነው። ሆኖም ሦስት የጦርነት ቀኖችን ብቻ የያዘ ተማሪ፣ በእነዚያ ቀኖች መካከል ስላለፉት ብዙ የገበያ ዓመታት ምንም ሳያውቅ ይቀራል። ከድንበሩ ማዶ ያለውን ሰውም ከጠላት በቀር በሌላ ስም ሊያስበው ይቸግረዋል። የእኛ ክርክር ከዚህ ላይ ነው።

ድንበሩስ ቢሆን በወረቀት ላይ የሠፈረው በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል ነው። ወንዞቹ ውሉን አላነበቡትም። እኛ ጓንግ የምንለው ከድንበሩ ማዶ አትባራ ይባላል፤ አይማ ዲንደር ይባላል፤ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው አገር የሚነሣው ሽንፋ ደግሞ ራሀድ ተብሎ ሀዋታ ይደርሳል። ራሀድ በበጋ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀረዋል። ክረምት ሲሆን የሀዋታ ሰው የሚያየው ጎርፍ የእኛ ደጋ ዝናብ ነው።

ሀዋታን ከሪዮኻዋ አሮ ጋር የሚያመሳስላት አንድ ነገር አለ፤ ባቡር። ከካሰላ ተነሥቶ በገዳሪፍ በኩል የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1929 ከስናር ጋር ተገናኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለወታደር ቀለብ ሲባል በገዳሪፍ ሜዳ ላይ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተጀመረ፤ ቀጥሎም ሰሊጡ ተስፋፋ። ለወይን ነጋዴ አሮ ምን እንደ ሆነች፣ ለማሽላና ለሰሊጥ ገዳሪፍና አካባቢዋ እንዲሁ ሆኑ። አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወርዶ በመተማ በኩል የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ የሲራራው ወራሽ ነው።

ብስክሌተኞች ይህን መንገድ በተግባር ያውቁታል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቀው ታላቅ የብስክሌት ጉዞ በተለያዩ ዓመታት ከሱዳን ሜዳ ተነሥቶ በጋላባት ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎንደር ወጥቷል። ብዙ ቀን በሜዳ ላይ ከተጋለበ በኋላ ዳገቱ በድንገት መጥቶ ይጋፈጣል። ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ የወጣው ይህንኑ ዳገት ነው።

መምህራን በክፍል ውስጥ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በካርታ ላይ ከጎንደር እስከ ሀዋታ ክር ዘርግታችሁ መንገዱን ለኩ። በካሬ ወረቀት ላይ አግድሙን ለርቀት፣ ቁመቱን ለከፍታ አድርጋችሁ መገለጫውን አስነሡ፤ ቁመቱ ከአግድሙ ብዙ ጊዜ ካልጎላ በቀር ዳገቱ እንደማይታይ አስታውሱ። ከዚያ በየከተማው ሥር የሚበቅለውን እህል፣ የሚሻገረውን ወንዝ ከሁለት ስሙ ጋር፣ የሆነውንም ነገር ከነዓመተ ምሕረቱ ያስገቡ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ ሲደርሱ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሕዝብ በጋላባት በኩል ወደ መተማ መሰደዱን ይጻፉ። ከዚያ በፊት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ የተሰደዱት ወደ ገዳሪፍ ግዛት መግባታቸውን ይጨምሩ። ቀስቱን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያዞሩት ለተማሪዎቹ ይተውላቸው።