ሳይቀላቀል እንዳያልፍ፦ ሥነ ልቦና ከግሽ አባይ እስከ ፔዳ

በጎጃም፣ ሰከላ፣ ግሽ አባይ ምንጭ ላይ የሚተረክ ታሪክ አለ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚያስሯቸው ሰዎች ሲመጡባቸው ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ዘመን አልፎ ሲመለሱ ውኃው መጻሕፍቱን መልሶ አወጣላቸው፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልጠፋችም፤ ብራናውም አልራሰም። የቦታው ስም ከዚሁ እንደመጣ ይነገራል።

የዚያ ምንጭ ውኃ በግልገል አባይ በኩል ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይወጣል። አባይ ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆት ያልፋል የሚል የቆየ አባባልም አለ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለሚሰጠው የሥነ ልቦና ትምህርት ባሰብኩ ቁጥር እነዚህ ሁለት ታሪኮች ይመጡብኛል።

የትምህርቱ መጽሐፍ ታሪኩን የሚጀምረው ከጀርመን ነው። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕሲሽ ከተማ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ከፈተ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና የመርሳትን መንገድ ለካ፤ ውጤቱንም በ1885 አሳተመ። አንድ ቀን ሲያልፍ ከድካሙ የተረፈለት ሲሶ ያህሉ ነበር። በአንድ ቀን 68 ጊዜ መድገም የሚያስገኘውን ውጤት፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 38 ጊዜ መድገምም እንደሚያስገኘው አረጋገጠ።

የጎጃም የአብነት ተማሪ ይህንን ሲሰማ ብዙም አይደነቅም። ቀን በብራና ፊደል የቆጠረ ልጅ፣ ሲመሽ ደበሎውን ለብሶ በጨለማ ይቀመጣል፤ መጽሐፍ አይታይም፤ የኔታ አንድ ሐረግ ይላሉ፣ ልጁ ይቀበላል። ነገ ዛሬ የተቀበለውን ሳያሰማ አዲስ አይጨመርለትም። መቶ ኀምሳው የዳዊት መዝሙር ለሳምንቱ ዕለታት ተከፋፍሎ ሳምንት በመጣ ቁጥር ይደገማል። ኤቢንግሃውስ በቁጥር ያሳየውን ከፋፍሎ የመድገም ጥቅም የኔታ ለዘመናት በሥራ ይዘውት ኖረዋል። ለዚህ አሠራር አንድ ገጽ እንኳ የማይተርፈው የማስታወስና የመርሳት ምዕራፍ ለእኛ ልጅ ጎዶሎ ነው።

ባሕር ዳር ላይ የሥነ ትምህርት ተቋም ሲመሠረት ግን አጀማመሩ የአካባቢውን ኑሮ እንዲህ የዘነጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1972 የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው የፔዳጎጂ አካዳሚን መሠረቱ፤ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ጀመረ። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር፦ የመምህራን አሠልጣኞች፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ የጎልማሶች ትምህርት መሪዎች። አካዳሚው በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከከተማው ፖሊ ቴክኒክ ተቋም ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዋናው ግቢ ዛሬም ድረስ «ፔዳ» ይባላል። ተማሪው ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል፤ የስሙን አደራ ግን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ፣ «አጠቃላይ ሥነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት» አብሮ መጣ። ይዘቱም፦ ስሜትና ግንዛቤ፣ መማር፣ ማስታወስ፣ መነሳሳት፣ ስብዕና፣ የአእምሮ ሕመም፣ በመጨረሻም የአጠናንና የማኅበራዊ ኑሮ ክህሎት። ኢንጂነር ለመሆን የመጣውም፣ ሕግ የሚያጠናውም ይማረዋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከቤቱ ርቆ ለማያውቀው የዶርም ኑሮ የደረሰ ወጣት ስለ ራሱ የሚማርበት ሌላ ሰዓት የለውም።

ችግሩ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ገብቶ በእንግሊዝኛ መውጣቱ ነው። ተማሪው የትኩረትን ፍቺ ለፈተና ሸምድዶ ይጽፋል፤ እናቱ «ልብ በል» ስትለው የኖረችው ያንኑ መሆኑን የሚነግረው የለም። አማርኛ ለማስተዋል «ልብ ማለት»፣ ለመብሰል «ልብ መግዛት»፣ ለኀዘን «ሆድ መባስ»፣ ለትዕግሥት «ሆደ ሰፊነት» አለው። የትምህርቱ ስም ራሱ ልቦና ነው! ተማሪ እነዚህን ቃላት ይዞ ቢገባ ምዕራፉን በራሱ ኑሮ ይፈትነዋል።

የአእምሮ ሕመሙ ምዕራፍ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። ግሽ አባይ ጠበል ነው፤ ሕመምተኛ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ አለ። ይህንን ምዕራፍ በደንብ የተማረ ልጅ ወንድሙ ሲታመምበት እናቱን ከእምነቷ ሳያጣላ፣ «ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው» ብሎ ያግባባል፤ በሰንሰለት መታሰር ሕክምና እንዳልሆነም ያስረዳል። ትምህርቱ በነጥብ ሳይሆን በዚያች ቀን ይፈተናል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ቩንትም ኤቢንግሃውስም ይግቡ፤ ከየኔታ ጉባኤና ከእናት ቃል ጋር ግን ይቀላቀሉ። መጻሕፍቱ ከውኃ ሳይርሱ መውጣታቸው ተአምር ነው፤ ተማሪ ከትምህርት ሳይርስ መውጣቱ ግን ኪሳራ ነው።