ኬላውና መዝገቡ፦ ፓኬት ማጣራትና አድራሻ መተርጐም በስርዓተ ክወና ከርነል ውስጥ የተጓዙበት መንገድ

(ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ንግግሬን በገዛ ራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በአንድ የትምህርት ተቋም የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ኀላፊ ነበርሁ። ላቦራቶሪው አርባ ያህል ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ለውጭው ዓለም የሚታየው አድራሻ ግን አንድ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የምርምር መጽሔቶችን ከሚያቀርብልን የውጭ ድርጅት መልእክት ደረሰን። «ከእናንተ አድራሻ በአንድ ሌሊት እጅግ ብዙ ጽሑፎች ስለ ተገለበጡ አድራሻችሁን ዘግተናል» የሚል ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማስረከብ ጥቂት ሳምንታት የቀሯቸው ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከምንጮቻቸው ተቋረጡ። እኔም ያን ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ያመሸውን አንድ ተማሪ ጠርቼ ገሠጽሁት። «እኔ አይደለሁም» አለኝ፤ አላመንሁትም።

ማስረጃ ፍለጋ ከመግቢያው ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ያገኘሁት ባዶ ነገር ነበር። ከአርባዎቹ ኮምፒውተሮች የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የከርነሉ የትርጉም ሰንጠረዥ ብቻ ነበር፤ እርሱም ግንኙነቶቹ ሲያበቁ ሁሉንም ረስቷል። ለተማሪው ጥፋት ማስረጃ አልነበረኝም፤ ለእኔ ግሣጼም ማስረጃ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅሁት። የውጭው ድርጅት አርባውን ሰው በአንድ አድራሻ ቀጣ፤ እኔ ደግሞ አንዱን ሰው ያለ ማስረጃ ከሰስሁ። ሁለታችንም የተሳሳትነው በአንድ ምክንያት ነው፤ አድራሻ ማለት ሰው ማለት ነው ብለን አስበን ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አድራሻና ባለአድራሻ እንዴት ተለያዩ? ይህንንስ ለመወሰን ሥልጣኑ እንዴት ወደ ከርነል ውስጥ ገባ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ማጣሪያው መጀመሪያ ተመልካች ነበር

ዛሬ «ፓኬት ማጣሪያ» ስንል ዘበኛ ይታየናል። ጅምሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1987 ጄፍሪ ሞጉል፣ ሪቻርድ ራሺድና ማይክል አቼታ ባቀረቡት ጥናት የማጣሪያው ዓላማ ማገድ ሳይሆን ማደል ነበር። ችግራቸው የሚከተለው ነው፤ ፓኬት ከአውታረ መረብ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚረከበው ከርነሉ ነው። ለተጠቃሚው ፕሮግራም ለማድረስ ግን ከከርነሉ ማኅደረ ትውስታ ወደ ፕሮግራሙ መገልበጥ አለበት፤ ይህም ዋጋ ያስከፍላል። ፕሮግራሙ የማይፈልገውን ሁሉ ገልብጦ ከማስረከብ፣ ምርጫውን እዚያው በከርነሉ ውስጥ ማካሄድ ይሻላል። እንግዲህ ማጣሪያው ወደ ከርነል የገባው ለጥበቃ ተብሎ ሳይሆን ለቁጠባ ተብሎ ነው።

በ1992 በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የሚሠሩት ስቲቨን ማካንና ቫን ጃኮብሰን ይህንኑ ሐሳብ አዲስ አድርገው ጻፉት። የቀደመው ማጣሪያ በቁልል ላይ የሚሠራ ነበር፤ እነርሱ ግን ከዘመኑ ፕሮሰሰሮች ጋር የሚስማማ፣ በሬጂስተር የሚሠራ ትንሽ ምናባዊ ማሽን በከርነሉ ውስጥ አኖሩ። ተጠቃሚው አጭር ፕሮግራም ይልካል፤ ከርነሉም በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ያስኬደዋል። የቢኤስዲ ፓኬት ማጣሪያ የሚባለው ይህ ነው። ይህን ሐሳብ አደራ እላችኋለሁ፤ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

፪. ተመልካቹ ዘበኛ ሆነ

በኅዳር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ትል በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አዳረሰ። እስከዚያ ድረስ ኢንተርኔት ተዋውቀው የሚኖሩ ሰዎች መንደር ይመስል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አጥር የማያስፈልገው ቤት የለም የሚለው አስተያየት በረታ። በ1989 ያው ጄፍሪ ሞጉል «ስክሪንዲ» የተባለውን ሥራ አቀረበ። በዚህ አሠራር ከርነሉ ፓኬቱን ከማሳለፉ በፊት ከከርነል ውጭ ያለን ፕሮግራም «ይለፍ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቃል። ደንቡን የሚያውቀው አንዱ ነው፤ በሩን የሚይዘው ሌላው ነው።

ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ፓኬት ከከርነል ወጥቶ መጠየቅና መመለስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በቀጣዮቹ ዓመታት ውሳኔው ራሱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ውጭ የቀረው ደንቡን የሚጽፈው መሣሪያ ብቻ ሆነ። አለን ኮክስ በ1994 የቢኤስዲን ማጣሪያ ወደ ሊኑክስ አመጣ። በ1996 የወጣው ሊኑክስ 2.0 «አይፒኤፍደብሊውአድም» በተባለ መሣሪያ ይታዘዝ ነበር፤ በጥር 1999 የወጣው ሊኑክስ 2.2 ደግሞ የረስቲ ረስልን «አይፒቼይንስ» ይዞ መጣ። በየጊዜው ደንብ መጻፊያው ሲለወጥ የአስተዳዳሪዎች የልምድ እውቀትም አብሮ አረጀ።

፫. ሲሮጡ የታጠቁት

በዚህ መካከል ሌላ ችግር እየበሰለ ነበር። የኢንተርኔት አድራሻ ርዝመቱ 32 ቢት ነው፤ በጠቅላላው 4,294,967,296 አድራሻዎች ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ቁጥር እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። በግንቦት 1994 ክየልድ ኤገቫንግና ፖል ፍራንሲስ አርኤፍሲ 1631 በተባለው ሰነድ የአድራሻ ትርጉምን አቀረቡ። ራሳቸው ደራሲዎቹ እንደ አጭር ጊዜ መፍትሔ ነበር ያዩት፤ ዘላቂው መፍትሔ እስኪዘጋጅ ድረስ መቆያ ነበር።

አሠራሩን ለማስረዳት ከእኛው ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በአገራችን ደብዳቤ የሚደርሰው በየቤቱ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሣጥን ይኖረዋል፤ መምህሩም፣ ዘበኛውም፣ ተማሪውም «ፖ.ሣ.ቁ.» ብሎ የሚጽፈው ያንኑ ቁጥር ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ጸሐፊዋ «ይህ የእገሌ ነው» ብላ ታድላለች። የከርነሉ ሥራም ይኸው ነው። ከውስጥ የወጣውን ፓኬት የላኪ አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካል፤ በፖርት ቁጥሩ ምልክት አድርጎ በሰንጠረዥ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። የፖርት ቁጥር 16 ቢት ስለሆነ ምልክቶቹ ከ65,536 አይበልጡም፤ ለአንድ ላቦራቶሪ ግን ከበቂ በላይ ነው። በሊኑክስ ይህ አሠራር «ማስከሬድ» ተባለ፤ ጭምብል ማጥለቅ ማለት ነው። ስሙ እውነቱን ይናገራል።

ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚውሉ አድራሻዎችም ተለዩ፤ በ10 የሚጀምረው ክልል ብቻ 16,777,216 አድራሻዎች አሉት። ይህ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በሐምሌ 1994 የወጣው አርኤፍሲ 1627 ገና በርእሱ «አውታር 10 ጎጂ ነው» የሚል ነበር። የተቃዋሚዎቹ ፍሬ ነገር እያንዳንዱ አድራሻ በዓለም ላይ የአንድ ባለቤት ብቻ መሆኑ ሊጠበቅ ይገባል የሚል ነው። ክርክሩን አላሸነፉም፤ በየካቲት 1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የውስጥ አድራሻዎችን አጸና።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የአድራሻ ትርጉም ታሪክ ግን ይህን ተረት ይገለብጠዋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ነበር፣ ሠላሳ ዓመት አልፎትም አልተፈታም።

፬. አምስቱ ኬላዎች

በጥር 2001 ሊኑክስ 2.4 ሲወጣ ረስቲ ረስልና ባልደረቦቹ «ኔትፊልተር»ን አቀረቡ፤ መታዘዣው «አይፒቴብልስ» ነው። ዋናው ፍልስፍናው ፓኬቱ በከርነሉ ውስጥ በሚጓዝበት መንገድ ላይ አምስት ኬላዎችን ማቆም ነው። የመጀመሪያው ፓኬቱ እንደ ገባ፣ መንገዱ ገና ሳይወሰን ነው። ሁለተኛው ወደዚሁ ኮምፒውተር የመጣው የሚቀርብበት፣ ሦስተኛው ወደ ሌላ የሚተላለፈው የሚያልፍበት፣ አራተኛው ከዚሁ ኮምፒውተር የሚነሣው የሚወጣበት ነው። አምስተኛው መንገዱ ከተወሰነ በኋላ፣ በመጨረሻው ደጃፍ ላይ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ይህን ቅደም ተከተል አትሸምድዱት፤ ምክንያቱን ያዙ። የተቀባዩ አድራሻ የሚለወጠው በመጀመሪያው ኬላ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ የሚወሰነው በተቀባዩ አድራሻ ስለሆነ ለውጡ ከውሳኔው መቅደም አለበት። የላኪው አድራሻ የሚለወጠው በመጨረሻው ኬላ ነው፤ ምክንያቱም የማጣሪያ ደንቦች ሁሉ እውነተኛውን ላኪ አይተው መፍረድ አለባቸው። በአይፒቼይንስ ዘመን ተላላፊ ፓኬት በሦስቱም ሰንሰለቶች ያልፍ ነበር፤ በኔትፊልተር ግን በአስተላላፊው የማጣሪያ ሰንሰለት ብቻ ያልፋል። ይህን ሳያስተውሉ አሮጌውን ደንብ በአዲሱ ስም የገለበጡ ሰዎች ለላቦራቶሪያቸው የጻፉት ጥበቃ መግቢያውን ኮምፒውተር ብቻ ሲጠብቅ አገኙት።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ግንኙነት መከታተያው ነው። ከርነሉ እያንዳንዱን ፓኬት እንደ እንግዳ ማየቱን ትቶ «ይህ የትናንቱ ጨዋታ ቀጣይ ነው» ማለት ጀመረ። የትርጉም ደንቦች የሚነበቡት ለግንኙነቱ የመጀመሪያ ፓኬት ብቻ ነው፤ የቀሩት መዝገቡን ይከተላሉ። መዝገቡ ግን ዕድሜ አለው። በሊኑክስ ነባር ቅንብር ጸጥ ያለ የቲሲፒ ግንኙነት እስከ 432,000 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ቀን፣ ሊቆይ ይችላል፤ መልስ ያላገኘ የዩዲፒ ግንኙነት ግን በ30 ሰከንድ ይረሳል። በመደበኛ መንገድ የተዘጋ ግንኙነትም በደቂቃዎች ውስጥ ይሰረዛል። የዚያ ሌሊት ማስረጃ የጠፋብኝ በዚህ ነው። ሰንጠረዡ ለማገልገል እንጂ ለመመስከር አልተሠራም።

በዚያው ዓመት በሌላ ጎራ ሌላ ትምህርት ተገኘ። ኦፕንቢኤስዲ «አይፒፊልተር» የተባለውን ማጣሪያ በግንቦት 2001 ከስርዓቱ አወጣ፤ ምክንያቱ የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን የፈቃድ ውሉ ነበር። ዳንኤል ሃርትማየር በጥቂት ወራት አዲስ ማጣሪያ ጻፈ፤ «ፒኤፍ» ተብሎ በታኅሣሥ ከኦፕንቢኤስዲ 3.0 ጋር ወጣ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ በአይፒቴብልስ የሚጸናው ፓኬቱ መጀመሪያ የገጠመው ፍርድ ነው፤ በፒኤፍ ግን፣ ልዩ ቃል ካልታከለበት በቀር፣ የመጨረሻው ይጸናል። ያው ደንብ፣ በያው ቅደም ተከተል፣ በሁለት አገር ሁለት ፍርድ ይሰጣል።

በጥር 2014 ደግሞ ከሊኑክስ 3.13 ጋር «ኤንኤፍቴብልስ» መጣ። ለሁለቱ የአይፒ ትውልዶች ለየብቻ ይሠራባቸው የነበሩትን መሣሪያዎች በአንድ አጠቃለለ። ደንቦቹም በከርነሉ ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ምናባዊ ማሽን የሚፈጸሙ ሆኑ። አደራ ያልኋችሁን አስታውሱ፤ የ1992ቱ ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ ያኔ ለመመልከት ነበር፣ አሁን ለመፍረድ ነው።

፭. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ብዙ ሰው የአድራሻ ትርጉምን ጥበቃ አድርጎ ያየዋል። ካልተጠራ የመጣ ፓኬት በመዝገቡ ውስጥ ባለቤት ስለማይገኝለት ወደ ውስጥ አይደርስም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የመዝገቡ ባሕርይ የፈጠረው አጋጣሚ እንጂ የተጻፈ ደንብ አይደለም። ትርጉም ወደማያስፈልገው አይፒቪ6 ስንሸጋገር አጋጣሚው ይቀራል፤ የማጣሪያ ደንብ ያልጻፈ ሰው ደጁን ክፍት ትቶ ያድራል።

በየካቲት 3 ቀን 2011 የዓለም አቀፉ ማእከል የመጨረሻዎቹን የአድራሻ ክልሎች ለአህጉራዊ መዝጋቢዎች አከፋፈለ። በሚያዝያ 2012 ለአገልግሎት ሰጪዎች የጋራ ትርጉም 4,194,304 አድራሻዎች ያሉት ክልል ተመደበ። ከዚያ ወዲህ አንድ አድራሻ የአንድ ላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰፈር ሆነ። አገራችን ወደ ኢንተርኔት የገባችው በ1997 ነው፤ የአድራሻ ትርጉም በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። የአፍሪካ መዝጋቢ አፍሪኒክ ሙሉ እውቅና ያገኘው በ2005 ነው። ቀድሞ የደረሰው ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ ነበረው፤ ዘግይቶ የደረሰው በጋራ ሣጥን ይጠቀማል። ከጋራ ሣጥን ጀርባ ያለ ወጣት ማንበብና ማውረድ ይችላል፤ ከቤቱ ሆኖ ራሱ አገልግሎት ልስጥ ሲል ግን የሚያገኘው ሰው የለም።

ታዲያ ሁሉን እንመዝግብ? ይህም አደጋ አለው፤ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚናገር መዝገብ ፍትሕ እንደሚያገለግል ሁሉ ክትትልንም ያገለግላል። በሰኔ 2011 የወጣው አርኤፍሲ 6302 አገልግሎት ሰጪ ሰርቨሮች ከአድራሻው ጋር የላኪውን ፖርትና ትክክለኛ ሰዓት እንዲመዘግቡ ይመክራል። ይህ ሚዛናዊ መንገድ ይመስለኛል፤ ቅሬታ ያለው ወገን ማስረጃውን ይዞ ይመጣል፤ በእኛ በኩል ያለውም መዝገብ በተወሰነ ጊዜ ይጠፋል። ያኔ ደብዳቤ የላከልን ድርጅት ፖርቱንና ደቂቃውን ጽፎ ቢሆን፣ እኔም አጭር ዕድሜ ያለው መዝገብ ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ አርባ ሰው ባልተቀጣ፣ አንድ ተማሪም ባልተዋረደ ነበር።

በመጨረሻ ነገ ሥራ ላይ ለምትሠማሩ ተማሪዎች ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ይሁን፤ ነገር ግን ከርቀት ሆናችሁ ይህን ስታዝዙ አስቀድማችሁ ለነባር ግንኙነቶችና ለራሳችሁ መግቢያ ፍቀዱ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አሮጌውን ደንብ የሚመልስ ትእዛዝም አዘጋጁ። ሁለተኛ፣ ትርጉምንና ጥበቃን ለየብቻ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ምክንያቱንና ቀኑን አስፍሩ፤ መሣሪያዎቹ ይህን ይፈቅዳሉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው «ይህ ለምን ተከለከለ?» ሲል የሚመልስለት ሊኖር ይገባል፤ ከርነሉ ይፈጽማል እንጂ አያስረዳም።