በናይሮቢ የመጠለያ እንስሳትን ያለ ሥቃይ የመግደል ሥርዓት

በናይሮቢ የመጠለያ እንስሳትን ያለ ሥቃይ የመግደል ሥርዓት፣ ባለቤት የሌለውን ወይም የማይድን ደዌ የጸናበትን እንስሳ ሕይወት ማን፣ በምን ምክንያትና በምን መንገድ ሊያጠፋ እንደሚችል የሚወስን፣ የሩንዳን ሰፈር ጨምሮ በመላው የኬንያ ርእሰ ከተማ የሚሠራ የሕግና የቁጥጥር ሥርዓት ነው። መሠረቱ በእንስሳት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ የሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ፣ ምዕራፍ 360፣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአራተኛው አባሪ የውሻ ፈቃድን፣ የእንስሳትን ማደሪያ፣ እንክብካቤና ቀብር በሥልጣንነት ለካውንቲዎች ስለ ሰጠ፣ ኃላፊነቱ በናይሮቢ ካውንቲ መስተዳድር ላይ ዐረፈ። ከመንግሥት ውጭ፣ አመሠራረቱ ከ1910 የሚቈጠረው የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር መጠለያ ያስተዳድራል።

በዚህ ሥርዓት ላይ የተደረገው ተሐድሶ ዐቢይ ጠባይ ከጅምላ ግድያ ወደ ክትባትና ወደ ማምከን መሸጋገር ነው፤ ይኸውም የእብድ ውሻን በሽታ ለማጥፋት ከ2014 እስከ 2030 የወጣው ብሔራዊ ዕቅድ ከውሾች 70 በመቶው እንዲከተቡ በማለሙ፣ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ግድያ ብቻውን የውሾችን ብዛት እንደማይገታ በማስገንዘቡ የጸና ነው። ለሩንዳ አጎራባች በሆነው በጊጊሪ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በመጋቢት 2022 የእንስሳትን ደኅንነት ከአካባቢ ጥበቃና ከዘላቂ ልማት ጋር የሚያስተሳስር ውሳኔ ማጽደቁ ጉዳዩን ከከተማ አስተዳደር ወሰን አልፎ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ እንዲያገኝ አድርጎታል።