በገደብ ስለ መፍረድ

በወንጌል የወይኑ ባለቤት ፍሬ የታጣባትን በለስ ትቈረጥ ባለ ጊዜ፥ ጠባቂው የአንድ ዓመት ዕድሜ ለመነላት። ነገር ግን ምሕረትን ብቻ አልለመነም፤ ሥሯን ሊኰተኵትና ፍግ ሊያደርግባት ራሱ ቃል ገባ። በገደብ መፍረድ የሚባለው የዳኝነት ሥርዓት ታሪክም ይህንኑ ይመስላል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፥ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሰፊ በፍርድ ቤት ሳለ በስካር የተከሰሰ አንድ ሰው አየ። ሰውየውም ከወህኒ ቢድን ዳግመኛ መጠጥ እንዳይቀምስ ቃል ስለ ሰጠው፥ ዋስ ሆኖ አስለቀቀው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲቀርብ ፈጽሞ ተለውጦ ተገኘ፤ ዳኛውም በወህኒ ፈንታ አንድ ሳንቲም መቀጫና የፍርድ ቤቱን ኪሣራ ብቻ አስከፈለው።

ኦገስተስ እስከ 1858 ዓ. ም. ድረስ ለ1,946 ሰዎች ዋስ ሆነ። ሥራና ማደሪያ ይፈልግላቸው፥ ጠባያቸውንም እየተከታተለ ለዳኛው ያስታውቅ ነበር። እስረኛ በገባ ቍጥር ገንዘብ የሚያገኙ ሹማምንት ጠሉት፤ የራሱም ንግድ ተጐዳበት። በ1859 ከሞተ በኋላ፥ በ1878 ዓ. ም. የማሳቹሴትስ ሕግ ይህን ሥራ የሚሠራ ባለ ደመወዝ ሹም ለቦስተን ፈቀደ።

ቤልጅግ በ1888፥ ፈረንሳይም በሴናተር ቤራንዤ አሳሳቢነት በ1891 ሌላ መንገድ ያዙ። ዳኛው ቅጣቱን ይፈርዳል፥ ነገር ግን አፈጻጸሙን ያግደዋል፤ ጥፋተኛው በተወሰነለት ዘመን ዳግመኛ ካላጠፋ ቅጣቱ ይቀርለታል፥ ካጠፋ ግን የፊተኛው ከኋለኛው ጋራ ይደርስበታል። በዚህ ሥርዓት የሚጠብቀው ፍርሃት ነበረ እንጂ ሰው አልነበረም። ፈረንሳይም በገደብ የተለቀቀውን የሚከታተል ሰው ማቆምን በሕጓ የጨመረችው በ1958 ዓ. ም. ነው።

በአገራችን፥ በእኛ አቈጣጠር በ1949 ዓ. ም. የወጣው፥ ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን ማገድንም ጥፋተኛውን በጠባቂ ሥር ማኖርንም ፈቀደ፤ የ1996ቱም ሕግ ይህን አጸና። ዋስ መጥራትን ከጥንት ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ በገደብ የተለቀቀ ወጣት ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ሥራ የሚሰጠው ጌታ፥ የሚመክረው የንስሐ አባት፥ ፊቱን የማያዞርበት ጎረቤት ካላገኘ፥ የዳኛው ምሕረት ምን ይጠቅመዋል? ዳኛ ዕድሜ መስጠት ይችላል፤ መኰትኰቱ ግን የእኛ ሥራ ነው።